የማትያስ ኤበርሌ ልጆች

ሎረንስቪል፣ ጥር 4 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ ማራኪ፣ ጎንደር

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። የልጅ ልጄ ሳሮን ልታገባው ያሰበችው አሜሪካዊ የእኛው ወገን ሊሆን ይችላል። ገና አልተረጋገጠም። ተጣርቶ እስኪታወቅ ድረስ ለማንም ሰው ደስ ብሎኛልም፣ አዝኛለሁም እንዳይሉ እለምንዎታለሁ።

አሁን ጤናዎን ልጠይቅ። ጆሮዎ እንዴት ነው? እዚህ ልጄ ሕይወትም እኔም ደህና ነን። ብርዱ ዘንድሮ ጠንክሯል፤ ካውንቲው ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ዘግቷል።

ስለ ልጁ ለጠየቁኝ በተራ እመልሳለሁ። ስሙ ኔተን ነው። ዕድሜው ሃያ ስድስት ነው። ሳሮን ፒችትሪ ኮርነርስ ከተማ በምትሠራበት የሕክምና ዕቃ ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ነው። አይጠጣም፤ ወይም እኔ ፊት አይጠጣም። ወላጆቹ ማሪዬታ ይኖራሉ፤ ሃይማኖታቸው እንደ እኛ ሉተራን ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ወንድሙ አነጋግሮት "ጨዋ ልጅ ነው" ብሎኛል።

በገና ማግስት ሕይወት ቤት ምሳ ተጋብዞ መጣ። እርስዎ ቢሆኑ እንደሚያደርጉት የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም ጠየቅኩት።

"አባባ፣ የጆብ ኢንተርቪው ነው እንዴ?" አለች ሳሮን።

"ለሥራ ቢሆን ሦስት ስም ይበቃኝ ነበር" አልኳት።

ልጁ ሳቀና ሦስቱን ቆጠረ። እዚያ ላይ አለቀበት። "ከዚያ በላይ ያለውን አያቴ ታውቃለች" አለ። የቤተሰባቸውን ስም ጠየቅኩት። ኤበርሌ አለኝ። ሹካዬን አስቀመጥኩ።

ልጆቹ ይህን ስም አያውቁትም፤ እርስዎ ግን ያውቁታል። በእናታችን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ያለው ስም ነው። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከጀርመን አገር መጥቶ እዚያው አገር ቤት ያገባው ብረት ሠሪ፣ ሰው ሙሴ ያዕቆብ ይለው የነበረው፣ ያዕቆብ ኤበርሌ ነው።

ከሳሮን ወደ ላይ ቆጠርኩ። እናቷ ሕይወት አንድ፣ እኔ ሁለት፣ እናታችን ሦስት፣ አያታችን አራት፣ የያዕቆብ ልጅ አምስት፣ ያዕቆብ ስድስት። የያዕቆብ አባት ሰባተኛ ቤት ይሆናል። የሰባተኛው ቤት ሰው ለሁለቱም አባት ከሆነ በእኛ ወግ ጋብቻ የለም። ከስምንት ጀምሮ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው።

የልጁን አያት፣ ሚስ ካሮል የሚሏቸውን፣ ባለፈው ሳምንት ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ግድግዳቸው ላይ በመስተዋት የተሰቀለ አሮጌ ወረቀት አለ። ዮሐን ጌኦርግ ኤበርሌ፣ የማትያስ ልጅ፣ በ1836 እንደ ፈረንጅ የተወለደ፣ ኦበርሃስል በሚባል መንደር ቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት ማጽኛ ትምህርቱን የፈጸመ ይላል። በሃያ አንድ ዓመቱ በመርከብ ሳቫና ገብቷል። እርሱም ለኔተን ስድስተኛ ቤት ነው።

ስለዚህ የእናታችንን ወረቀት እያንዳንዱን ፊደል ሳይተዉ ገልብጠው ይላኩልኝ። የማይነበበውንም ጭምር።

ወንድምዎ ተስፋዬ


ጎንደር፣ ጥር 27 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለተስፋዬ

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጆሮዬ ብሶበታል፤ በስልክ አትድከም። ባለፈው ስትደውል "ቆጠራ" ያልከውን "ቆርቆሮ" ብዬ ሰምቼ ለጣሪያው አለቀስኩ።

ወረቀቱን ገልብጬ ልኬልሃለሁ። ፊደሉ የተጠማዘዘ ስለሆነ እንደ ሥዕል ነው የሣልኩት። ቁጥሩ ግን ግልጽ ነው፤ 1838 ይላል። አንድ ጥግ አይጥ በልቶታል፤ እሱን ልሥልልህ አልቻልኩም።

ሳሮንን እወዳታለሁ። ጡት ስትጥል አንድ ክረምት ሙሉ እኔ ዘንድ ነበረች፤ ይህን አትርሳ። ከወገናችን በዕድሜ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ምርቃትም ከእኔ ነው የሚጠበቅ። ሰባት ካላለፈ ግን አልመርቅም። "አሜሪካ ነው፣ ዘመኑ ሌላ ነው" የሚል ደብዳቤ እንዳትጽፍልኝ። እኔ ዳኘውን የተውኩት በስድስተኛ ቤት ነው። ሽማግሌ ልኮ፣ አባባም ወደውት፣ ስም ተቆጥሮ ቀረ። ያንን ቆጠራ በወረቀት ያሰፈርከው አንተ ነህ። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ለዕረፍት መጥተህ። የእጅ ጽሑፍህ ያምር ነበር።

ለእኔ የተቆጠረው ለእሷም ይቆጠር። በጥንቃቄ አጣራ።

እህትህ ማራኪ


ሎረንስቪል፣ መጋቢት 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእትዬ ማራኪ

መልሱ ዘጠኝ ነው። ሳሮንና ኔተን ቢቀርቡ በዘጠነኛ ቤት ይገናኛሉ። ደስ ይበልዎ።

እንዴት እንደደረስኩበት ልግለጽ፤ ሥራው ያልታየ መልስ ነጥብ እንደማይሰጠው ለተማሪዎቼ ሠላሳ አራት ዓመት ስናገር ኖሬአለሁ።

የሣሉልኝ ወረቀት ያዕቆብም ኦበርሃስል እንደተወለደ ይላል፤ የዚያ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ በማይክሮፊልም ተነሥቷል። አዝዤ ካስመጣሁት በኋላ ለአሥራ አንድ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀትር ማንበቢያው ማሽን ፊት ተቀመጥኩ። ጽሑፉን ዛሬ የጀርመን ወጣቶችም አያነቡትም። እኔ የተማርኩት እዚያ አገር ለትምህርት በነበርኩባቸው ሁለት ዓመታት ነው። አከራዬ የነበሩት አሮጊት ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ማታ ማታ የሟች ባላቸውን ደብዳቤዎች አነብላቸው ነበር። ስሳሳት በማንኪያ ጠረጴዛውን ይመቱ ነበር።

ሦስት ጥምቀት አገኘሁ። በ1834 ዮሐን ጌኦርግ፤ አባቱ ጋሪ ሠሪው ማትያስ ኤበርሌ፣ እናቱ ባርባራ። በ1836 ዮሐን ጌኦርግ፤ አባቱ ማትያስ ኤበርሌ፣ እናቱ ባርባራ፤ የአባትየው ሥራ አልተጻፈም። በ1838 ያዕቆብ፤ አባቱ ጋሪ ሠሪው ማትያስ፣ እናቱ ባርባራ።

ልብ ይበሉ፤ ጌኦርግ ሁለት ነው። አንድ አባት ለሁለት ልጆቹ አንድ ስም አያወጣም። ስለዚህ ማትያስም ሁለት ነው። አንደኛው ጋሪ ሠሪ፣ የእኛ የያዕቆብ አባት። ሁለተኛው ሌላ ማትያስ፣ በ1836 የተወለደው የኔተን ጌኦርግ አባት። በዚያ መንደር ከሦስት ሴት አንዷ ባርባራ ስለሆነች የሚስቶቻቸው ስም መግጠሙ አያስገርምም። ሁለቱ ማትያሶች በስም አንድ ስለሆኑ ወንድማማች ሊሆኑ አይችሉም፤ ቢቀርቡ የአጎት ልጆች ናቸው። የጋራ አያታቸው ዘጠነኛ ቤት ይውላል።

ያለፈው ቅዳሜ ሽማግሌ ተላከ። የመጡት የልጁ አባትና ሚስ ካሮል ናቸው። ሳሮን የእኛን የሽማግሌ ወግ ሁሉ ነግራቸው ስለነበር ሚስ ካሮል በር ላይ ቆመው አልቀመጥም አሉ።

"መልስ ሳታገኙ አትቀመጡ ተብለናል" አሉ፤ በእጃቸው ፔካን የሚሉት ለውዝ ኬክ ይዘዋል።

"እሱ በፊት ነው፤ አሁን ይቀመጡ፣ ኬኩ ይከብድዎታል" አለቻቸው ሕይወት።

"ኖ ማም። ደንብ ደንብ ነው" አሉ። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። እሺ እስክንል ድረስ ቆሙ።

ሠርጉ ሐምሌ 5 ቀን ቅዳሜ ሆኗል። ሳሮን የእርስዎ ምርቃት በጽሑፍ መጥቶ በሠርጉ እንዲነበብላት ትለምናለች።

ወንድምዎ ተስፋዬ


ጎንደር፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለተስፋዬ

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሳምንት አልፎታል። ለቅሶ ስለነበረብኝ ነው የዘገየሁት። የማን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ።

ዘጠኝ በመሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን። ምርቃቱን በተለየ ወረቀት ጽፌ እዚሁ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ቃሉን ለመምረጥ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ስታነበው አትቸኩል። ለቆመችው ሴትዮ ሰላም በልልኝ። እንዲህ ያለች ሽማግሌ እዚህም አልቀረችም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሁለት ማትያስ ነበረ ብለሃል። ሁለተኛውን በመዝገቡ አይተኸዋል ወይስ ገምተኸዋል? ሰው ከተወለደ ይሞታል፤ ሁለት ከሆኑ ሁለት ጊዜ ተቀብረዋል። የቀብር መዝገብ የላቸውም እንዴ? ሆስፒታል ስሠራ የገባ ሰው ካርድ ሁሉ መውጫው ይፈለግ ነበር። አንተን ተጠራጥሬ አይደለም።

እህትህ ማራኪ


ሎረንስቪል፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእትዬ ማራኪ

በለቅሶ ስለነበሩ እግዚአብሔር ያጽናዎ። የማን እንደሆነ እስኪነግሩኝ እጠብቃለሁ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዛብኝ።

ምርቃቱ ደርሷል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሳሮን ገና አልሰጠኋትም፤ እንዳይጠፋ ብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

እዚህ የጥድ ዛፉ አበባ ጊዜ ነው። ቢጫው ብናኝ ሁሉንም ነገር ሸፍኖታል። ሳሮን መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ወደ ቤት ገብታ ስትመለስ ቀለሙ ይቀየራል። የሠርጉን አዳራሽ አግኝተዋል፤ ለሁለት መቶ ሰው ይበቃል። ልብሷ ተሰፍቶ መጥቷል፤ ወገቡ ላይ ትንሽ ይጠባል ብላ መልሳዋለች። ኔተን "እንኳን ደህና መጡ" ማለት ተምሯል፤ ሰው ሲሄድም ይለዋል።

ሕይወት የማታ ተረኛ ስለሆነች ብዙ አንገናኝም። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ወንድምዎ ተስፋዬ


ጎንደር፣ ግንቦት 6 ቀን 2006 ዓ.ም.

ተስፋዬ

ሁለት ገጽ ጽፈህ ለጠየቅኩህ አንዲት መልስ የለችበትም። ስለ አበባ ጻፍክልኝ። አንተ መቼ ነው ስለ አበባ የምትጽፈው? የተማሪ ወላጅ ሲጠይቅህ እንዲህ ትመልስ ነበር? ያገኘኸው ነገር አለ። ንገረኝ። ሰማንያ ልደፍን ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ፤ ደንግጬ አልሞትም።

እኔም የደበቅኩህን ልንገርህ። ለቅሶው የዳኘው ነው። በእንቅልፉ ነው የሞተው፤ ከሚስቱ አምስት ልጆች አሉት። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀመጥኩ፤ ከጎረቤት ጋር፣ ከኋላ በኩል። ልጁ ሻይ ሲያድል "እማማ፣ እርስዎ በምን ያውቁታል?" አለኝ። "ዘመዱ ነኝ" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ዘመድ ነው ተብዬ አይደል የቀረሁት።

እዚያ ተቀምጬ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። ያኔ ስሞቹን ስትጽፍ አጣርተህ ነበር?

ማራኪ


ሎረንስቪል፣ ግንቦት 24 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእትዬ ማራኪ

ዘጠኝ ያልኩት ስህተት ነው። ሰባት ነው። ማትያስ ኤበርሌ አንድ ሰው ነው፤ ያዕቆብና ጌኦርግ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ያለፈውን ደብዳቤ ስጽፍልዎ ይህን ካወቅኩ አምስተኛ ቀኔ ነበር። ስለ ደበቅኩዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ያገኘሁት በእርስዎ ጥያቄ ነው። "የቀብር መዝገብ የላቸውም እንዴ?" ያሉኝን ባነበብኩ ዕለት ፊልሙን አዘዝኩ። ከመጀመሪያው ማዘዝ የነበረብኝ እኔ ነኝ። በሚያዝያ ወር 1835 የተጻፈው እንዲህ ይላል፤ "ዮሐን ጌኦርግ፣ የጋሪ ሠሪው የማትያስ ኤበርሌና የባርባራ ልጅ፤ ዕድሜው አንድ ዓመት ከሁለት ወር።" የመጀመሪያው ጌኦርግ ይህ ነው። ሞተ፤ በዓመቱ ሌላ ወንድ ልጅ ሲወለድ የሞተውን ልጅ ስም ሰጡት። እዚያ አገር ለመዝገቡ ጠባቂ ጻፍኩላት፤ በአንድ መስመር "በዚያ ዘመን እጅግ የተለመደ ነበር" ብላ መለሰችልኝ። ይህን ሳያውቅ መዝገብ የሚያነብ የለም ማለቷ ነው።

እኔ አላወቅኩም። ሊታሰበኝም አልቻለም። እኛ ዘንድ ሙት ልጅ ስሙን ይዞ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ካሳ ይባላል፣ ምትኩ ይባላል፣ የሞተው ስም ግን አይነካም። ከእኔ በፊት የሞተው ወንድማችን ሽፈራው ነበር። እናታችን እኔን ሽፈራው ብላ ብትጠራኝ ኖሮ ጎረቤት ምን ይላት እንደነበር ያውቃሉ። ያንን ይዤ የሰው አገር መዝገብ አነበብኩ፤ የሌለ ማትያስ ፈጠርኩ፤ ለሌለውም ሰው ሚስትና አያት ሰጠሁት።

የማትያስ ቀብርም ተገኝቷል። በ1871 ነው። የመንደሩ ቄስ ከስሙ ግርጌ በትንሹ እንዲህ ጽፏል፤ "ከአምስት ልጆቹ ሁለቱ በቀብሩ አልተገኙም። ጌኦርግ በአሜሪካ ነው፣ ያዕቆብ በሐበሻ አገር ነው። ሁለቱም አልሰሙም።" ይህን መስመር አራት ጊዜ አነበብኩት፤ የማነበው ተሳስቼ እንዳይሆን።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ፣ ሁሉንም ቤቴ ጠራኋቸው። ስሞቹን በሰሌዳ ወረቀት ላይ ጽፌ ከላይ እስከ ታች አሳየኋቸው።

ኔተን አየና "ስለዚህ እኔና ሳሮን ምንድን ነን፣ ከዝንስ፣ የአጎት ልጆች?" አለ።

"በእናንተ አቆጣጠር የስድስተኛ ደረጃ" አልኩት።

"ያ እኮ ምንም ማለት ነው!"

"እዚህ ምንም ነው። ጎንደር ግን ዝምድና ነው" አልኩት።

ሚስ ካሮል የቄሱን መስመር ተርጉሜ ስነግራቸው አለቀሱ። የባላቸው ወገኖች ጌኦርግን ብቸኛ ልጅ ነበር ሲሉ ኖረዋል። ተነሥተው ሕይወትን አቀፏት። "ድሮውንም ቤተሰብ ነበርን ማለት ነው" አሉ፤ ለእሳቸው የምሥራች ነው። ሕይወት በትከሻቸው በላይ አሻግራ እኔን አየችኝ። ለእኛ ለምን የምሥራች እንዳልሆነ እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? ሞከርኩ። "ግን መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎ!" አሉ። ፓስተር ወንድሙም በቤተ ክርስቲያን ሕግ የሚከለክል ነገር እንደሌለ ተናገረ። ልክ ነው፤ የለም።

ሳሮን ግን፣ ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሳህን እያጠበች "አባባ፣ እማማ ማራኪ ያውቃሉ?" አለችኝ። አያውቁም አልኳት። "ኦኬ። ያለ እሳቸው ምርቃት ቸርች አልገባም። እምቢ ካሉም እምቢታውን ከሳቸው ልስማ፣ ካንተ አይደለም" አለች። የዳኘውን ነገር ከእናቷ ሰምታ ኖሯል። "እሳቸውን ከልክላችሁ እኔን ብትፈቅዱልኝ እሳቸው ምን ይሰማቸዋል?" አለችኝ።

አሁን እርስዎ ለጠየቁኝ። አላጣራሁም። አባታችን የሚያውቁትንና ከሁለት ሽማግሌዎች የሰሙትን ነገሩኝ፤ እኔ ጻፍኩ። ማን ከማን እንደሚወለድ፣ የትኛውን ስም ማን እንደመሰከረ አልጠየቅኩም። መስመሩ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ነበር የተጨነቅኩት። ቀን ጻፍኩበት፤ ፈረምኩበትም። ስድስተኛ ቤት ያልነው ልክ ይሁን ስህተት ዛሬም አላውቅም። የመሰከሩት ሁሉ ሞተዋል፤ የምከፍተው መዝገብም የለም። ቢኖር ኖሮ ዛሬውኑ አዝዘው ነበር። ለኦበርሃስል ጋሪ ሠሪ አሥራ አንድ ቀን የተቀመጥኩ ሰው ለእርስዎ አንድ ከሰዓት አልተቀመጥኩም።

ይቅርታ ብጠይቅ የሚመለስ ነገር የለም። ቢሆንም እጠይቃለሁ።

ምርቃትዎን በዚህ ፖስታ መልሼ ልኬልዎታለሁ። በዘጠኝ ያስጻፍኩትን በሰባት ማንበብ አልችልም። ቃሉ ያምራል፤ ይህን ማለት ይገባኛል። እውነቱን አውቀው መልሰው ቢልኩት በሠርጉ ቆሜ አነበዋለሁ። ካልፈቀዱም እምቢታውን በእጅዎ ለሳሮን ይጻፉላት፤ ቃል በቃል እሰጣታለሁ፤ ምንም አልጨምርም፣ ምንም አልቀንስም። እኔ "ይመርቁ" ብዬ አለምንዎትም። በዚህ ጉዳይ ላይ ልመና የማቀርብበት ፊት የለኝም።

ከጎንደር እዚህ ለመድረስ ደብዳቤ ቢፈጥን አሥር፣ ቢዘገይ ሃያ ቀን ይፈጃል። ሠርጉ ሐምሌ 5 ነው። መልስዎ ሰኔ 14 ፖስታ ቤት ካልገባ ላይደርስ ይችላል። ሳሮን ከሥራ ስትመለስ በየቀኑ የፖስታ ሳጥኑን ትከፍታለች፤ የእርስዎ ደብዳቤ ገና ሊደርስ እንደማይችል አስልቼ ብነግራትም ትከፍታለች። እባክዎ እትዬ፣ እሺም ቢሆን እምቢም ቢሆን፣ በሁለት መስመርም ቢሆን፣ ቶሎ ይጻፉልን።

ወንድምዎ ተስፋዬ